የአንድ ዓይናዎቹ ግንብ

ቴፒ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይኖራት እዚያ ታሪክ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ቲሪንስ ስለምትባል የጥንት ግሪኮች ምሽግ ከተማ አስተማርኩ። የግንቧ ድንጋዮች ዝሆን ስለሚያካክሉ በኋላ ዘመን የኖሩ ግሪኮች «የገነቧት አንድ ዓይና ግዙፎች ናቸው» ይሉ ነበር። በቁፋሮ ያጠኗት ባለሙያዎች የሰው እጅ ሥራ ነች ይላሉ፤ እኔ ግን ተማሪ እንዲነቃልኝ ብዬ ግዙፎቹን አጋነንኳቸው።

በማግስቱ አንዲት ተማሪዬ፣ «ቲቸር፣ ያሉትን ለአባቴ ነግሬው ይፈልግዎታል» አለችኝ። አባቷ የትምህርት ቤታችንን አጥር የሚገነቡት ሰውዬ ናቸው። ስሄድ ከተወጠረ ክር ሥር ተንበርክከዋል። መዶሻቸውን እንደያዙ ዞር አሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ!

መለማመጥ ጀመርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎን ለመንካት አይደለም! እንዲያውም አንድ ዓይን ያለው ሰው አስተዋይ ነው። ሁለተኛው ምን ያደርጋል? ትርፍ ነው!» ምላሴ አልቆም አለኝ። «የኔን አንዱን ብሰጥዎ ደስ ይለኛል» እስከማለት ደረስኩ።

ሰውዬው አስጨርሰውኝ፣ ጨፍነውት የነበረውን ሌላኛውን ዓይናቸውን ገለጡት።

«መምህር፣ ግንበኛ ድንጋዩ ከክሩ ጋር መስተካከሉን የሚያየው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። የፈለግሁዎትም ይህንኑ ልነግርዎ ነበር። ግሪኮቹም አንድ ዓይኑን የጨፈነ ግንበኛ አይተው ነው እንደ እርስዎ ያወሩት!»