ያላቃሰተችው

ኮሮና ይዞኝ ባሕር ዳር ቤቴ ተኝቻለሁ። በመስኮት የገባው የረጠበ ደንገል ሽታ ወባ መንደራችንን የጨረሰበትን የልጅነቴን ዓመት አመጣብኝ።

እኔና ታላቅ እህቴ እታለም በአንድ ቀን ታመምን። ሐኪም ቤቱ ከጣና ማዶ ነው፤ የደንገል ታንኳችን የሚያስተኛው ደግሞ አንድ በሽተኛ ብቻ። በማቃሰት የሚያህለኝ አልነበረም፤ ዛሬም የለም። እታለም ግን እየተንቀጠቀጠች ውሃ ታጠጣኝ ነበር። አያቴ ሁለታችንንም አዳመጡና፣ «ልጁን ውሰዱት፤ እሷ ቻይ ናት» አሉ።

ድኜ ስመለስ እታለም ተቀብራለች።

አሁን ልጄ እያሳላት ነጭ ሽንኩርት ትወቅጥልኛለች።

«አንቺስ አትታከሚም?» አልኋት።

«እርስዎ ይዳኑልኝ እንጂ አባባ፣ እኔ እችለዋለሁ።»

ማቃሰቴን ልተው አልሁ። እሱንም አልቻልሁ።