ሰው የሌለበት ባሕር

ልጄ ሥዕል ትማራለች፤ ምን እንደሚያበላት እግዜር ይወቅ። ባለፈው እሑድ ከትምህርት ቤቷ የተዋሰችውን ወፍራም መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ስታገላብጥ፣ ዓይኔ አንድ የባሕር ሥዕል ላይ ወደቀና አፍንጫዬን የዱቄት ሙጫ ሽታ ሞላው፤ እማዬ ለፋሲካ በጣሳ የምታፈላው፣ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የምንለጥፍበት፣ አይጥ እየፋቀ የሚጨርስብን ሙጫ።

ያ ሥዕል አቃቂ፣ ከሐዲዱ ጀርባ በነበረው የጭቃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ነበር። ባለሱቁ ጋሽ ሸምሱ ስኳር የጠቀለለበት የፈረንጅ መጽሔት ገጽ ነው፤ ከሥር አመድ የመሰለ አሸዋ፣ ከላይ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ፣ መሐል ላይ ቀለሙ በቢላ የተለቀለቀ የሚመስል ባሕር፣ ዳር ላይ ደግሞ አንዲት ቀጥ ያለች ጥቁር ነገር። ታላቅ ወንድሜን ታደሰን ከትምህርት ቤት ደጃፍ አፍሰው ምጽዋ ካዘመቱት ገና ወር አልሞላም ነበርና፣ እማዬ ወረቀቱን በቀሚሷ ጠርጋ ከአልጋዋ ራስጌ ለጠፈችው። ጥቁሯ ነገር ታደሰ ሆነች። ባሕር አይታ የማታውቅ ሴት፣ ባሕር ሁሉ አንድ መስሏት።

ፋሲካ በመጣ ቁጥር ግድግዳው አዲስ ጋዜጣ ሲለብስ ያቺ ገጽ ብቻ ሳትሸፈን ትቀራለች። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ስትገባ፣ “ልጅሽ ዛሬም አልታጠበም? ውሃው አፍንጫው ሥር ሆኖ!” ትላታለች፤ እማዬም “ብርድ ነው እኮ፣ ሰማዩን አታይም?” ብላ ትመልስላትና ይሳሳቃሉ። እኔም እስቅ ነበር። ግን “ይሄንንም ያፍሱብኛል” ብላ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀረችኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጢም አውጥቼ፣ ፋብሪካ ከገባሁ በኋላ ነው። ያ ቂም አልወጣልኝም።

ጦርነቱ አልቆ አብሮት የዘመተ ልጅ ሲመለስ፣ ታደሰ ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። የእድሩ ሽማግሌዎች እንደ ወጉ መርዶውን ሊያረዱ ገና ሳይነጋ መጡ። እማዬ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና በጣቷ ግድግዳውን አሳየቻቸው።

“ይኸው ቆሟል። ለቆመ ሰው ይለቀሳል እንዴ?”

“ተይ እንጂ እህቴ፣ ወረቀት እኮ ነው።”

“ሂዱ! ድንኳናችሁን ለሞተበት ሰው ትከሉ።”

እናት እምቢ ካለች ማን ይተክላል? እትዬ በላይነሽ ማድቤቷ ገብታ ለብቻዋ አለቀሰች። እማዬ እስክትሞት አላለቀሰችም፤ እኔም እሷን ፈርቼ ለቅሶዬን ዋጥ አደረግሁት።

“ማነው የሣለው?” አልኳት ልጄን። እንግሊዛዊ ነው አለችኝ፤ ዕድሜውን ሙሉ አንድ የባሕር ዳር መንደር ተቀምጦ፣ ያንኑ ባሕር በነፋሱም በዝናቡም ሲሥል የኖረ።

“ዳር ላይ የቆመውስ ሰውዬ?”

“የቱ? እሱ እንጨት ነው አባዬ፣ ማዕበሉን እንዲሰብር አሸዋው ላይ የሚተከል። ይሄ ሠዓሊ ሰው አይሥልም፤ የታወቀውም በዚሁ ነው።”

መጽሐፉን በጥፊ ልለው ምንም አልቀረኝም። ሰውየው ምን በደለ? እንጨት አየ፣ እንጨት ሣለ።

ታዲያ አሁን ለወንድሜ ለቅሶ ልቀመጥለት አልኩ። ቤታችን ፈርሶ መጋዘን ሆኗል፤ ሽማግሌዎቹ አልቀዋል፤ እትዬ በላይነሽን ልጆቿ የት እንዳደረሷት አላውቅም። ዛሬ ድንኳን ባስተክል የሚመጣው ታደሰን በመልክ እንኳ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቁጭ ብሎ ንፍሮውን ይዘግንና፣ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ “ለመሆኑ የሞተው ማነው?” ይላል።