ዘጠኙ ስላይዶች

ባለቤቴ ከሞተ ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር እየሆነ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድም አልጽፍም። ልጽፍ የተነሣሁት ስለ ሞቱ አይደለም። ለአንድ ስብሰባ ስላዘጋጀሁለት ስላይድ ነው።

እሱ የደን ባለሙያ ነበር። እኔ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን መሥሪያ ቤቶች በገባ በጥቂት ዓመቱ ጅማ ሄጄ የአምስት ቀን ሥልጠና ስለወሰድኩ፣ ስላይድ የሚያሠራ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣ ነበር። አሠልጣኙ ያሉንን አንድም አልረሳሁም። አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ። ፊደሉ ከመጨረሻው ወንበር መነበብ አለበት። ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ግድግዳ የሚያነብ ተናጋሪ እሱ ቤቱ ይቀመጥና ወረቀቱ ይላክ። ይህን ሲሉ ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ ሌላ አቀራረብ አይተን አናውቅምና።

የዚያን ጊዜው ጉዳይ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ደን ነበር። ደኑ ቡናውን ለሚለቅሙትና ቀፎ ለሚሰቅሉበት ነዋሪዎች በስምምነት ይሰጥ ወይስ ለጠየቀው ባለሀብት የሚለው በአንድ ትልቅ ስብሰባ ሊወሰን ነው። ባለቤቴ የነዋሪዎቹን ነገር እንዲያስረዳ አሥራ አምስት ደቂቃ ተሰጠው። ለዓመታት በዚያ ጭቃ መንገድ በእግሩ ተመላልሷል፤ የማን ቀፎ የትኛው ዛፍ ላይ እንዳለ ያውቃል። ያ ሁሉ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሊያልቅ ነው።

በእጁ ጽፎ ያመጣልኝ ሃያ ሦስት ገጽ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ስላይድ እንዲሆንለት ፈለገ። እንደ ክታብ የተጠቀጠቀ ጽሑፍ ነው፤ ኅዳጉ እንኳ አልቀረም።

«ይሄን ማን ያነበዋል?» አልኩት።

«የተቀመጠው ሰው።»

«አንተስ ምን ልትሠራ ነው?»

«እኔማ እቆማለሁ።»

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ድምፁ ከሐምሌ ጀምሮ ሻክሮ ነበር። ብርድ ነው ይላል። ዝንጅብል በማር አፈላለታለሁ፤ ይጠጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይወጣል። ድሮም ብዙ የሚያወራ ሰው ስላልነበር ዝምታው መጨመሩን ልብ አላልኩትም።

«እኛ ጋ የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ነው የሚፈረምበት» አለኝ ደግሞ።

«ግድግዳ ላይ ማንም አይፈርምም» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

በማግሥቱ ለመስክ ሥራ ወደ ዋጫ ሄደ። በሌለበት ሁለት ቀን ሃያ ሦስቱን ገጽ ወደ ዘጠኝ ስላይድ አወረድኩት። ራሱ ያነሣቸውን ፎቶዎች አስገባሁ። ቀፎ የተሰቀለበትን ትልቅ ዛፍ ስላይዱን ሞልቶ እንዲታይ አደረግሁና ከሥሩ አራት ቃል ብቻ ጻፍኩ፦ «ይህ ዛፍ ባለቤት አለው።» በስም የተጨናነቀውን ካርታውን ወደ አንድ ቀይ መስመር ቀየርኩት። ከዚያ ላፕቶፑን በረንዳው ላይ አስቀምጬ እስከ አጥሩ በር እየሄድኩ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ ሆኜ ያነበብኩት ቀረ፤ ያላነበብኩት ወጣ። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር፤ ኮራሁበት።

የእጅ ጽሑፉን ግን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ በቃኝ። ሃያ ሦስተኛዋን ገለጥ አድርጌ፣ ጥቂት መስመር ብቻ ያለባት መሆኗን አይቼ መለስኳት።

ሲመለስ አሳየሁት። ዘጠኙንም ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ አየ።

«የመጨረሻዋን ገጽ አየሻት?» አለኝ።

«አየኋት።»

«እና?»

«አታስፈልግም።»

«ካየሻትማ እሺ» አለና ጫማውን ሊፈታ ተቀመጠ።

የስብሰባው ቀን ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። ከፊት በጎን በኩል ተቀምጫለሁ፤ ከኋላዬ ከማንኪራ የተጠሩ አንድ ቀፎ ሰቃይ አዛውንት አሉ። የመጀመሪያውን ስላይድ ባለቤቴ ደኅና አድርጎ አስረዳ። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሦስተኛው፣ ዛፉ መጣ። አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ውኃ ጠጣ። እንደገና ከፈተ፤ ያው ነው።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሆን ብሎ ዝም ያለ መስሎት ዛፉን አተኩሮ ማየት ጀመረ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ የሥራ ኃላፊ፣ «ጋሼ፣ ዝም ካሉ እንዳናነብ እንኳ የተጻፈ የለ!» አሉ።

«ኧረ አራት ቃል አለ!» አለ ሌላው። አዳራሹ ሳቀ።

አዛውንቱ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። «ዛፉ እኮ የኔ ነው» አሉ፣ የአገሩ ቋንቋ ካፊኖኖ በተጫነው አማርኛቸው። «ሰውየው ምነው ዝም አለ?»

«አሁን ይናገራል አባቴ» አልኳቸው።

አልተናገረም። የቀሩትን ስላይዶች አንድ በአንድ እያሳለፈ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ እየቆመ፣ ዘጠነኛው ላይ ደረሰና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። የቁጣ አስተያየት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ መዝገቡ ላይ «አቅራቢው ማብራሪያቸውን አቋረጡ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያቱን የምጽፍበትን ቦታ ባዶ ተውኩት።

ሰብሳቢው ውሳኔውን ለሚቀጥለው ስብሰባ አሳደሩት። ሲወጡ ጠጋ ብለው፣ «እትዬ፣ የባለሙያው ጽሑፍ ካለ በአባሪነት ያያይዙት። ያለፈው ሲነበብ አብሮ ይሰማል» አሉኝ። በእኛ ደንብ ማንኛውም ስብሰባ የሚከፈተው ያለፈው ቃለ ጉባኤ ከነአባሪው ተነብቦ ነው፤ የሚያነበውም ያዡ ነው።

በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ሃያ ሦስቱን ገጽ መተየብ ጀመርኩ። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ላይ ደረስኩ። ከላይ፣ «ይህችን መጀመሪያ ላይ አድርጊያት» ይላል። ከሥሩ እንዲህ ነበር፦ «ሐኪም መናገር ከልክሎኛል። ድምፄ ስለማይበቃ ተሰብሳቢው ጽሑፉን ከግድግዳው ላይ በየራሱ እንዲያነብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ጣቶቼን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሣሁና በየት በኩል ወደ ቤት እንደሄድኩ አላስታውስም። በረንዳው ላይ አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሞ ተቀምጦ ነበር።

«አላየኋትም ነበር» አልኩት። «የመጨረሻዋን። ገለጥ አደረግኋት እንጂ አላነበብኳትም።»

ሻርፑን ላላ አደረገ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ታዲያ አየኋት ለምን አልሽ?» አለኝ።

ሥራዬ አምሮልኝ ስለነበር ነው ተብሎ ለባል ይነገራል?

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲደርስ እሱ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ እህቱ አጠገቡ ነበረች። ጉሮሮው ላይ የተገኘው ነገር ብርድ አልነበረም። እኔ ከአጠገቡ አልሄድም ብዬ ነበር፤ እሱ ነው በእጁ ወደ በሩ እያመለከተ የላከኝ። ቦንጋ ተመልሼ፣ አዳራሹ ገብቼ ቆሜ አነበብኩ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። የዛፉን ቁመት፣ የቀፎዎቹን ባለቤቶች ስም፣ ቡና ለቃሚዎቹ የሚሄዱባቸውን መንገዶች፣ ቀይ መስመር አድርጌ ያጠፋኋቸውን ሁሉ አነበብኩ። ያው ኃላፊ፣ «ይሄ አባሪ ማታም አይለቀንም መሰለኝ!» አሉ። «ያዳምጡ!» አሉ ሰብሳቢው። አሠልጣኙ ቢሰሙኝ ያፍሩብኝ ነበር፤ ቀና ሳልል ነው ያነበብኩት። የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ስደርስ ግን ወረቀቱን አጠፍኩና ተቀመጥኩ።

ደኑ ለነዋሪዎቹ ይሁን ተባለ። አዛውንቱ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። «ለባልሽ፣ ሰማንህ በይልኝ» አሉ።

ሚኒባስ ይዤ ጅማ ደረስኩ። ነገርኩት። ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ከዚያ ደብተሩን ሳበ። ያኔ የሚያነጋግረን በደብተር ነበር።

«ሁሉንም አነበብሽ?» ብሎ ጻፈ።

«ከመጨረሻዋ በቀር።»

«ለምን?»

«ለእኔ የተጻፈች መሰለችኝ» አልኩት።

እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ አዲስ ገጽ ገልጦ ጻፈና ወደ እኔ አዞረው፦ «ለስብሰባው ነበር።»

እኔን ለማሳረፍ ይሁን እውነቱ እንደዚያ ይሁን አላወቅሁም። ለእኔ ከነበረች፣ የነገረኝን አልሰማሁትም። ለስብሰባው ከነበረች ደግሞ፣ ሕመሙን ለአንድ አዳራሽ ሰው ሊነግር ሲዘጋጅ ለእኔ ለብቻዬ መንገር ከብዶት ነበር ማለት ነው። ለምን እንደከበደው አንዳንዴ የማውቅ ይመስለኛል፤ እኔን ለማስረዳት የሚጀምረውን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሳጠርኩበት እቆጥራለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ሰውየው ያለውን ልመነው እላለሁ። አልጠየቅሁትም፤ ጊዜም አልነበረም።

ደብተሩ እኔ ጋ ነው። በሌሎቹ ገጾች ላይ ውኃ፣ ትራስ፣ ስንት ሰዓት ነው የሚሉ ቃላት ተደራርበው ተጽፈዋል። በዚያኛው ገጽ ላይ ያሉት እነዚያ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ በትልልቁ፣ አልጋው ላይ ደግፈው ቢያቆሙት ከበሩ በሚነበብ ፊደል።