ከወገዳ አፈር ያመጣሁት ባክቴሪያ

አባቴ የደወሉልኝ ከፍልሰታ ቅዳሴ ወጥተው ነው። ድምፃቸው ደስ ብሎታል። «ባቄላው ቢጫ ሆኗል» አሉኝ፤ «መድኃኒትሽ መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚያደርገው?»

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጬ ነበር። «እስቲ ላየው፣ አባ» ብዬ ዘጋሁ። እንዲህ አያደርግም። ባቄላ በነሐሴ ቢጫ የሚሆነው ወይ ውኃ ሲተኛበት ነው፣ ወይ ሲራብ። የአባቴ ማሳ ተዳፋት ነው፤ ውኃ አይተኛበትም።

መድኃኒት ያሉት እኔ የሰጠኋቸውን ጥቁር ዱቄት ነው። ውስጡ ወገዳ ከሚባል አገር ማሳ፣ ከባቄላ ሥር ላይ የለየሁት ባክቴሪያ አለ። እንዲህ ያለው ባክቴሪያ ሥሩ ላይ በሚወጡ ትናንሽ እባጮች ውስጥ ይኖራል፤ ተክሉ ያበላዋል፣ እሱም በፈንታው ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ተክሉን ይመግባል። ከሚበላው አንዱ አሚኖ አሲድ ነው። አሚኖ አሲዱን ወደ ውስጥ የሚያስገባለት አጓጓዥ ከሌለው እባጩ ውስጥ ገብቶ ቦታ ይይዛል እንጂ ሥራ አይሠራም። የማስተርስ ጥናቴ የዚያን አጓጓዥ ጂን መፈለግ ነበር።

አፈላለጉ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከጂኑ የሚሠራው ፕሮቲን በፊደል ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ አሚኖ አሲድ ነው። ያ ረጅም መስመር ሥራው ከታወቀ የሌላ ባክቴሪያ ፕሮቲን ሥር ይቀመጥና የት የት እንደሚገጥም ይታያል። የኔው ሲገጥም ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ጨፈርሁ። መጀመሪያ በማሰሮ ተክዬ መሞከር ነበረብኝ። ግን ሰኔ እያለቀ ነው፣ አባቴ ሊዘሩ ነው፣ እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ዱቄቱን ይዤ አባቴ ወዳሉበት ወደ ጋይንት ሄድሁ።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ቤተ ልሔም ከምትባለው የድጓ ማስመስከሪያ ደብር አጠገብ ካለችው ከዚያች ማሳ በቀር የረባ መሬት የላቸውም፤ ሁዳዴን የምንጾመውም በሷ ባቄላ ነው። «ለማነጻጸሪያ እንዲሆነን ዳር ዳሯን በዱቄቱ ያልተለወሰ ዘር ይዝሩባት» ብዬ አደራ አልኋቸውና ተመለስሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያንን የፊደል ንጽጽር እንደገና ከፈትሁት። አንድ አጓጓዥ የሚሠራው ከብዙ ክፍል ነው። አንዱ ክፍል የሚገባውን ነገር ለይቶ ይይዛል፣ ሌላው ጉልበት ይሰጣል። ጉልበት ሰጪው፣ አጓጓዡ ስኳርም ያስገባ አሚኖ አሲድ፣ መልኩ ያው ነው። እኔ የጨፈርሁት በሱ ነበር! ለይቶ የሚይዘውን ክፍል ጎን ለጎን ሳስቀምጠው ከአሚኖ አሲድ ያዡ ጋር የገጠመው እዚህም እዚያም የተበታተነ ጥቂት ፊደል ነው። ከስኳር ያዡ ጋር ግን መስመር በመስመር ተጋጠመ። ያገኘሁት የስኳር አጓጓዥ ነው። ውጭ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምሁ።

በማግስቱ መኪና ያዝሁ። ነፋስ መውጫን አልፈን ስንጓዝ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፊቴን አይተው፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ፣ ባቄላ ነው» አልሁ።

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

አባቴ ማሳው ዳር ቆመው ጠበቁኝ። የሩቁን አጥርተው ያያሉ፤ የቅርቡን ማየት ከተሳናቸው ግን ቆይቷል። ስለዚህ የተማሪዎቻቸውን ድጓ የሚያርሙት በጆሯቸው ነው። ተማሪው ራሱ ከጻፈው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ እሳቸው በቃላቸው ይከታተላሉ። የጻፈውን ትቶ፣ መሆን ነበረበት ያለውን ያነበበ ተማሪ ወዮለት።

«ያልተለወሰው ዘር የቱ ጋ ነው፣ አባ?»

«የለም» አሉ። «አንቺ ያመጣሽውን እንዴት ብዬ ለአንዱ ሰጥቼ ሌላውን እከለክላለሁ? ሁሉንም ለወስሁት።»

እዚያው ትልሙ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የቱን ክፍል አይቼ እንደተደሰትሁ፣ የቱን ሳላይ እንዳለፍሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አሁን በምን ይታወቃል?»

«እባጩ ተሰንጥቆ ውስጡ ይታያል። ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ አይሠራም፤ ተክሉን በባዶ ይበላዋል።»

«በይ እየነቀልሽ አንብቢልኝ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

የመጀመሪያውን ነቅዬ እባጩን በጥፍሬ ሰነጠቅሁት። ነጭ ነው። «ነጭ» አልሁ። ከታች በኩል ነቀልሁ፤ ነጭ። «ከመሃል አምጪ» አሉ። ከመሃልም ነጭ ነው።

«ሁዳዴን በሷ እንገፋዋለን ብዬ ነበር» አሉ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ ያህል። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እስቲ ደግሞ ከወዲያ ዳር።»

ከወዲያ ዳር ያለው ትንሽ አረንጓዴ ይመስላል። ነቅዬ አመጣሁና እፊታቸው ተንበርክኬ ሰነጠቅሁት። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ተማሪ ሲሰሙ እንደሚያደርጉት፣ ይጠብቃሉ። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው፤ ግን እጄን አያየውም። ቀይ ነው ብላቸው ያምኑኛል። ዛሬ እፎይ ብለው ይገባሉ፤ እውነቱን የሚያውቁት አጨዳ ሲደርስ ነው። በሕይወቴ የዚያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁት ደግሞ አፌን ነው።

«አንብቢ እንጂ» አሉ።

«ነጭ ነው፣ አባ።»

«እሺ» አሉ፤ «ቀጥዪ።»