ያለ ባቡር የደወልኩት ደወል

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የሚቆመው። አሮጌው የድሬዳዋ ጣቢያ ግን አሁንም ከዚራ በሚባለው ሰፈር አለ። ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ከቲኬት መስኮቴ አጠገብ ደወሉ ተሰቅሎበት ወደነበረው ቦታ ነው። እዚያ ቆሜ አንድ ጊዜ ከተማውን ሁሉ ዋሽቻለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። በጦርነቱ ድልድይ ፈርሶ የጅቡቲ መስመር ተቆረጠ። ወራት አለፉ፤ ባቡር የለ፣ ተሳፋሪ የለ። እኔ ቲኬት ሻጯ መስኮቴን ከፍቼ ዝንብ እሽ እላለሁ። አንድ ቀን ጓዶች መጥተው የጣቢያውን የተሳፋሪ አዳራሽ ለኩና፣ «ሥራ የፈታ ቤት ነው፤ ነገ ኮሚቴ ያየውና የእህል መጋዘን ይሆናል» አሉ። ደሜ ፈላ። እህል ከገባበት በኋላ ባቡሩ ቢመጣስ ማን ያስወጣዋል?

ደወላችን ሕግ ነበረው። ቀጣዩ ጣቢያ በስልክ «ባቡሩ ተነሥቷል» ካላለ አይነካም። ለዚህ ነው ሰው ሁሉ የሚያምነው። በማግስቱ ግን ሼፍ የምንለው የጣቢያው ኃላፊ ዞር ሲል ገመዱን ይዤ ደወልኩት። አቦ፣ ሰዉ ጎረፈ! ኮሚቴው ሲመጣ መቆሚያ አጣ። «ይሄማ ሥራ ላይ ነው» ብለው ተመለሱ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። ከቢዮ አዋሌ ፓፓያ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ጅቡቲ እንዳለ መንገዱ ተዘጋበት። ሰዉ ሁሉ እየሰደበኝ ሲበተን እሷ ብቻ እስኪመሽ ሐዲዱን ስታይ ዋለች።

«የታለ?» አለችኝ።

«ዋሽቼ ነው» አልኳት።

ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሼፉም፣ «እንግዲህ ይሄን ደወል ማን ያምነዋል?» አለኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።

ከወራት በኋላ ድልድዩ ተጠግኖ የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ሼፉ ሲያዳምጥ ቆይቶ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «ባቡሩ ተነሥቷል፤ ደውዪ!» አለኝ። እጄ እስኪላጥ ደወልኩ። ማንም አልመጣም። ከማዶ ያሉት ባለሱቆች «ደግሞ ጀመራት» ብለው ሳቁብኝ። አለቀስኩ። አዳራሹን አተረፍኩ ብዬ ባዶ አስቀረሁት።

ያን ጊዜ የፓፓያዋ ሴት እየሮጠች ገባች።

«አመንሽኝ?» አልኳት።

«ወላሂ አላመንኩሽም» አለች እያለከለከች። «ግን እውነት ቢሆንና እኔ ብቀር፣ ማን ይቀበለዋል?»

ባቡሩ እያፏጨ ደረሰ። ባሏ ወረደና ባዶውን ጣቢያ ግራ ቀኝ አየ።

«ሰዉ ሁሉ የት ሄደ?»

«እኔ አልበቃህም?» አለችው።

ከተማው ፉጨቱን ሰምቶ እየተሯሯጠ ሲደርስ፣ ሁለቱ የእኔ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፓፓያ ይበሉ ነበር።