አረፋ ያወጣው ግድግዳ

እርጥብ ሲሚንቶ በሸተተኝ ቁጥር መንገዴን እቀይራለሁ። ሰው «አዲስ ቤት፣ አዲስ ቤት ይሸታል» ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔን ግን ሽታው ይዞኝ የሚሄደው ሀና ማርያም ቁልቁለቱ ላይ ወደነበረው ቤታችን፣ ከዚያም አልፎ ወደ አባቴ ወንድም ወደ ጋሽ ደረጀ ክፋት ነው።

ቤቱን አባቴና ጋሽ ደረጀ አንድ ላይ ነበር የሠሩት። ቦታው ተዳፋት ስለነበረ ከመንገዱ በኩል ሲያዩት ተራ ቪላ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ግማሽ ጎኑ አፈር ውስጥ የተቀበረ ምድር ቤት ነበረው። ላዩ የጋሽ ደረጀ፣ የሚስቱ የእትዬ ብርቄና የልጆቻቸው ነበር፣ ምድር ቤቱ ደግሞ የእኛ። አባቴ ሲሞት እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ናሆምና እኔ ቀረን። እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ታሳድገን ነበር፣ ጨርቁንም የምትደረድረው አፈር በተጫነው የኋላ ግድግዳ ሥር ነበር።

አንድ ክረምት ያ ግድግዳ ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ ጥጉ ላይ የመዳፍ ያህል ጠቆረ፣ ከዚያ ቀለሙ እያበጠና እየተላጠ፣ እርጥበቱም ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ ነሐሴ ሲገባ ወገቤ ላይ ደረሰ። ጨርቁ ሻገተ፣ ናሆምንም ሳል አልለቀው አለ። ጋሽ ደረጀ ደረጃው ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየን፣ «ይሄ ቤት ለልጅ አይሆንም። ይዘሻቸው ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ፣ ክፍሉን እኔ አስጠግኜ አከራየዋለሁ» ይላት ነበር። እናቴ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳታነሳ፣ «ክረምቱ ይውጣ ጋሼ» ብቻ ትለው ነበር።

ክረምቱ ወጣ፤ አደይ አበባው ረግፎ ሣሩ ቢጫ ሆነ፣ ግድግዳው ግን አልደረቀም። ጥር ላይ ግቢው በሙሉ አቧራ ሆኖ እያለ የእኛ ጥግ እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ይሸት ነበር። ያኔ ነው እናቴ ነገሩ የዝናብ እንዳልሆነ የገባት። አንድ ቅዳሜ፣ ላይ ቤት ልብስ እያጠቡ ሳለ፣ መዶሻና መሮ አንስታ ያበጠውን ልስን መታችው። ልስኑ እንደ ራሰ ዳቦ እየተገመሰ ወደቀና በድንጋዮቹ መካከል ውሃ ሲንቆረቆር አየን። ውሃው አረፋ ነበረው። እናቴ በጣቷ ነክታ አሸተተችው፣ ከዚያም እጇን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። የልብስ ሳሙና ነበር።

ወዲያው ወጥታ ለጋሽ ደረጀ ነገረችው። «የፍሳሹ ቱቦ ፈንድቶ ይሆናል ጋሼ፣ ጥጉን ልቆፍረው።»

«ግቢዬን ማንም አይቆፍርም!» አለ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ቤቱን የምታበሰብሺው አንቺ፣ ከሳሿም አንቺ!»

ሰኞ ጠዋት እናቴ ሽርጧን አስራ ዶማ ይዛ ወጣች። ጋሽ ደረጀ መጥቶ ፊቷ ተገተረ።

«እጅሽን ሰብስቢ ብያለሁ!»

«ይምቱኝ» አለችው፣ ቀና እንኳ ሳትል። «ይምቱኝና ጎረቤት ይፍረደን።»

ጎረቤቶች በአጥሩ በኩል ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ስለነበር አልመታትም። እሷ ቆፈረች፣ እኔና ናሆም አፈሩን በባልዲ እያመላለስን ደፋን። ቱቦው ጋ ስትደርስ ዶማውን ጥላ በእጇ ጠረገችው። አልፈነዳም። በመጋዝ ተቆርጦ፣ አፉ ወደ እኛ ግድግዳ ዞሮ፣ እንዳይንቀሳቀስም ድንጋይ ተደግፎለት ነበር። ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ የሚሄደው ሌላው ጫፍ ደርቆ አፈር ሞልቶታል።

ከዚያ እትዬ ብርቄ ከበረንዳው ላይ፣ ቀስ ብላ፣ «ተው ብዬህ ነበር» አለችው ባሏን።

እናቴ ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቆመች። «የወንድምዎ ልጅ ሲያስል ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲያ ቃል አልተናገረችውም።

በጋው ሳያልቅ ግንበኛ አምጥታ ቱቦውን አስቀጠለች፣ የግድግዳውን ውጪ እስከ መሠረቱ አስቆፍራ ሬንጅ አስቀባችው፣ የተቆፈረውንም ቦይ በጠጠር አስሞላችው። የውስጡን ልስን ሙልጭ አድርጋ አስፍቃ፣ ድንጋዩ እንዳገጠጠ እስከ ፋሲካ ትታ ካደረቀችው በኋላ እንደገና አስለሰነችው። በተከታዩ ክረምት ዝናቡ በወረደ ቁጥር ሦስታችንም እየሄድን መዳፋችንን ግድግዳው ላይ እናሳርፍ ነበር። ደረቅ ነበር። ናሆምንም ሳሉ ተወው።

ጋሽ ደረጀ ይቅርታ አልጠየቀም። ደረጃው ጋ ስንተላለፍ እሱ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር፣ እኛ አንገታችንን እናዞር ነበር፤ ለዓመት በዓልም በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የተኳረፉ ቤቶች በየፊናቸው በግ ያርዱ ነበር።

ዛሬ እሱ አርጅቶ ለቡ ሰፈር ልጁ ዘንድ ይኖራል። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ከዘራውን ተደግፎ፣ «እናትሽ እንዴት ነች ልጄ?» ይለኛል፤ እኔም «ደህና ነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። ያኔ ኮቴውን ቀኑን ሙሉ ከራሳችን በላይ እየሰማን አንድ ሰላምታ አንለዋወጥም ነበር። አሁን በመካከላችን የታክሲ መንገድ አለ፣ ሰላምታም አለ። ዘመድ ይህን አይቶ «እሰይ፣ ታረቁ» ይላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ተራራቅን እንጂ አልታረቅንም።