የተቀባዩ ጾም

የልጅ ልጄ አሜሪካ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኳስ ተቀባይ ነው። እንዲህ ስል ሰው በረኛ ይመስለዋል። በረኛ አይደለም። ጨዋታው እኛ ኳስ ከምንለው ጋር አይገናኝም። ኳሱ ክብ ሳይሆን ሁለት ጫፉ ሹል ነው፤ ስሙ የእግር ኳስ ይባል እንጂ ብዙውን የሚጫወቱት በእጅ ነው። ሁሉም የራስ ቁር ይደፋል፣ ትከሻው ላይ እንደ ኮርቻ ያለ ነገር ይጭናል። የልጁ ሥራ ከዳር ተነሥቶ መሮጥ፣ ሩቅ ሲደርስ ዞር ማለትና የተወረወረለትን መያዝ ነው። እሱን ለመጣል የተመደበ ሰው ደግሞ አለ፤ ይጥለዋል። ይነሣና እንደገና ይሰለፋል። ለዚህ ብሎ ኮሌጁ በነጻ ያስተምረዋል።

ይህን ያስረዳችኝ ተከራዬ ናት። የግብርና ባለሙያ ናት፤ ከጎጃም ተመድባ ሰቆጣ ከመጣች ጀምሮ ከግቢዬ አንዷን ክፍል ይዛ ትኖራለች። የኔ ስልክ ከድምፅ ሌላ አያውቅም፣ ስለዚህ እናቱ፣ ልጄ፣ ከአሜሪካ የምትልከው ቪዲዮ በሷ ስልክ ይገባል፤ ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለን እናያለን። መጀመሪያ ልጁን መለየት አቅቶኝ ነበር። በኋላ በአሯሯጡ ለየሁት፤ እናቱም ልጅ ሆና ስትሮጥ ቀኝ ክርኗን ወደ ውጭ ታወጣ ነበር።

የመጀመሪያውን ዓመት አልተጫወተም። ልምምድ ይሠራል፣ ጨዋታ ሲሆን ከዳር ቆሞ ያያል። እኔ ንቀውት ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። ልጄ ግን የዚያ አገር ሥርዓት ነው አለችኝ፤ አዲሱን ልጅ ሥጋ እስኪያወጣ ያቆዩታል። አሠልጣኙ ሩጫህም እጅህም ጥሩ ነው፣ ግን ቀላል ነህ፣ ብላ ብሎታል። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ያቆመዋል፣ በሬ የሚገዛ ይመስል።

በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ አስገቡት። ሰውነቱ ሞልቶ ነበር፤ ያዘም። አንዱን ኳስ ከሁለት ሰው መካከል ነጥቆ ሲያወጣው ተከራዬ ቪዲዮውን ወደ ኋላ እየመለሰች ደጋግማ አሳየችኝ።

እኔ ግንበኛ ነበርኩ። ሰቆጣ ውስጥ እጄ ያረፈበት የድንጋይ ግንብ ዛሬም ቆሟል። ግድግዳው ከፍ ሲል ድንጋዩን ከታች ይወረውሩልናል፣ እኛ ከላይ ሆነን እንቀበላለን። ለሚመጣ ድንጋይ እጅህን ከገተርክበት ጣትህን ይወስደዋል፤ ሲያርፍብህ አብረኸው ትንሽ ሸርተት ትላለህ። ልጁም የሚቀበለው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ባይገባኝም ሥራው ገብቶኛል።

ነገሩ የተበላሸው የገና ጾም ሲገባ ነው። ሕዳር ላይ የነሱ ጨዋታ አላለቀም፤ ዋና ዋናው የሚቀረው ያኔ ነው። ልጁ ደግሞ ይጾማል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ምንም አይቀምስም። ልምምድ የሚገባው በባዶ ሆዱ ነው። እዚያ ያሉት የንስሐ አባቱ እንደ አቅምህ ጹም፣ የምትጫወትበት ጊዜ እስኪያልፍ ብላ ብለውት ነበር። እሱ እምቢ አለ። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ልጅ ሆኖ አንድ ክረምት እኔ ጋ መጥቶ ፍልሰታን አብሮኝ ጾሞ ነበር። ያኔ እኛ ቤት ጾም አይገደፍም ብዬዋለሁ። ብያለሁ፣ አልክድም፤ ትክክልም ነው። ልጁ ያንን ይዞ ሄደ። አባባ ካልፈቀዱልኝ አልበላም ብሎ ለእናቱ ቁርጡን ነገራት።

ሚዛኑ ወረደ። ኳስ ይጥል ጀመር። አሠልጣኙም እስከሚመጣው ሳምንት ካልተሻለህ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ አለው። ቦታውን ካጣ ለከርሞ ኮሌጁ በነጻ ማስተማሩን ይተወዋል። ልጄ ይህን በስልክ እየነገረችኝ አለቀሰች።

«አባዬ፣ አንድ ቃል ነው የምለምንዎ። ብላ ይበሉት።»

ጾም የኔ አይደለም፣ የማልሰጠውን ነገር ምን ብዬ ልስጠው አልኳትና ዘጋሁ።

እሁድ ቪዲዮው መጣ። ልጁ ሮጠ፣ ዞረ፣ ኳሱ ደረቱ ላይ መጣለት፤ እጁ ግን ዘግይቶ ተዘጋ። ኳሱ መሬት ወደቀ። ተከራዬ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ይሆናል አለች።  በሁዳዴ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ግንብ ላይ ያለ ሰው ድንጋይ የሚያመልጠው እንደዚያ ነው። ግንበኛ ሁሉ ያጋጠመው ነገር ነው። እኛ በጾም ቀን ከቀትር በኋላ ድንጋይ መወርወር እናቆምና በእጅ እንቀባበል ነበር።

በማግስቱ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ናቸው፤ እሳቸው ይቀስሱ እንጂ ልጅ ሆነን እኩል እንደባደብ ነበር። የልጁን ነገር ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ፈቃድ የሚሰጡት የንስሐ አባቱ ናቸው፣ ሰጥተዋል። አንተን ማን የንስሐ አባት አደረገህ?»

ልጁ የኔን ቃል ነው የሚጠብቀው አልኳቸው። እሳቸውም ቀድሞ የኔን ቃል አንተ ስማ አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ታምሜ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ደም አንሶሃል፣ ወተትና እንቁላል አታቋርጥ፣ መድኃኒቱን ጠዋት ከምግብ ጋር ውሰድ ተባልኩ። ጾሙ ሲገባ አባ ፈቀዱልኝ። እኔ ግን መድኃኒቱን በባዶ ሆዴ እየዋጥኩ፣ ዓይኔ ሲጨልምብኝ ግድግዳ ይዤ እቆም ነበር። አባ ይህን ያውቃሉ። ተቆጥቼ ወጣሁ።

ተከራዬም ታውቅ ኖሯል፤ ለልጁ ነግራዋለች። በዚያው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ እዚያ ጠዋት መሆኑ ነው፣ በሷ ስልክ ደወለ። ፊቱ ከሲታ ሆኗል።

«አባባ፣ ወተቱን አይጠጡም አሉ።»

«ማነው ያለው?» አልኩ ወደ ተከራዬ እያየሁ። ምስሯን ትለቅማለች፣ ቀና አላለችም።

«ሐኪም አዝዞልዎታል። አባም ፈቅደውልዎታል።»

«ላንተም ተፈቅዶልሃል።»

«እርስዎ ካልጠጡ እኔም አልበላም።»

እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብወድቅም ጊዜዬ ነው፣ አንተ ግን ሥራ አለብህ አልኩት። 

«እንግዲያው ቦታዬን ሌላ ይውሰደው» አለ።

ድምፁን አላነሣም። እየቀለደም አልነበረም፤ ቦታውን ሊለቅ ነው። በኸምጣኛ፣ በአገሬ ቋንቋ፣ አጉረመረምኩ፣ ሁለቱም እንዳይገባቸው። ተከራዬ ምስሩን አስቀመጠች።

«ሁለታችሁን ሳይ በዚህ አገር ድንጋይ ለምን እንደበዛ ገባኝ፤ ከሰው ነው የሚወለደው» አለች።

«ሂጂ ወተት ፈልጊ» አልኳት።

ስልኩን እኔ እጅ ላይ ትታ ወጣች። በጾም ወተት ስትጠይቅ ጎረቤታችን ለአራስ መስሏት ማን ወለደ ብላታለች። እስክትመለስ ድረስ እኔና ልጁ ተያየን። ሳህን አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ፤ እንቁላል ነው። አልነካውም፣ ጠበቀኝ። ወተቱ ሲመጣ ለብ ብሎ ነበር። ለማማተብ ያህል ቆየሁና ጠጣሁት፤ ብርጭቆውን ገልብጬ አሳየሁት። እሱም አማተበና በላ። ሲበላ እንደተራበ ያስታውቃል። እኔ እስኪጨርስ ተቀመጥኩ።

ቀኑ ሲደርስ አሠልጣኙ ሚዛን ላይ አቆመው። ብዙም አልጨመረም፣ ግን መውረዱን አቁሟል። በጨዋታው አስገባው። አንድ ኳስ ጣለ፣ ሌሎቹን ያዘ። ቡድናቸው ተሸነፈ። ቦታው ግን አልተወሰደበትም፤ ለከርሞም ይማራል።

እኔ ስለ ጾም ያለኝን ሐሳብ አልለወጥኩም፣ ለአባም ነግሬያቸዋለሁ። ጨዋታቸው እስኪያልቅ ድረስ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ዘግቼ ወተቱን ጠጣሁ። ተከራዬ ባዶውን ብርጭቆ ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ ከዚያም ባዶ ሳህን ይመጣል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ እሱ ወደ ጾሙ ተመለሰ። እኔንም ይመለሱ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አላለኝም። ጠዋት የብርጭቆው ፎቶ ሲዘገይበት አሁንም ይደውላል።